እንጦጦ ላይ የቀሩት እቴጌ

አዲስ አበባ ተወልደው ቢያድጉም፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ገብተው ቢኖሩባትም፣ ስሟን ሳይጠሩ የሚውሉበት ቀን ጥቂት ነው። ስሙን ያወጡት እቴጌ ጣይቱ ብጡል መሆናቸውም የታወቀ ነው። ፍል ውሃው ዘንድ ወርደው ቦታውን ወደዱት፤ ከእንጦጦ ብርድ ይሻላል ብለው ቤት አሠሩበት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ አሉት። ስለ ዐድዋውም፣ ስለ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17ም፣ በስማቸው ስለሚጠራው ሆቴልም ብዙ ተጽፏል። እምብዛም የማይነሣው፣ ያችኑ ከተማ ከላይ ወደ ታች እያዩ ያሳለፏቸው የመበለትነት ዓመታት ናቸው።

ዐፄ ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ የመንግሥቱ ሥራ ወደ እቴጌይቱ እጅ ገባ። ይህ ያላስደሰታቸው የሸዋ መኳንንት በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተማክረው፣ ከሹመት ከሽረቱ እጃቸውን አንሥተው ባለቤታቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አደረጓቸው። ያንኑ ሲያደርጉ ከረሙ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዐረፉ። እዚህ ላይ እስቲ ቆም ብለው ያስቡት። በእኛ አገር ለድኻው እንኳ ድንኳን ይጣላል፣ ሙሾ ይወርዳል፣ አርባውና ተዝካሩ ይወጣል። የምኒልክ ሞት ግን እንዲደበቅ ተወሰነ። አዋጅ አልተነገረ፣ ልቅሶ አልተቀመጠ። አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ ባለችው በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በምስጢር ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት በትዳር አብረዋቸው የኖሩት ባለቤታቸው፣ እንደ ማንኛዋም ባሏ እንደ ሞተባት ሴት በአደባባይ ደረታቸውን ለመምታት አልታደሉም። (ዐድዋ ድረስ ጦር ይዘው ለዘመቱ ሴት ከዚህ የባሰ ምን ቅጣት አለ?) ብዙም ሳይቆይ ከቤተ መንግሥቱ እንዲወጡ ተደርገው፣ ባላቸው በነገሡባት በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። ጥለውት የወረዱት ብርድ መልሶ አገኛቸው።

በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው የእንጀራ ልጃቸው ዘውዲቱ ነገሡ። የዘውዲቱ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌይቱ የወንድም ልጅ ነበሩና፣ አሁንስ ቀን ወጣላቸው የሚያሰኝ ነበር። መኳንንቱ ግን ባልና ሚስቱን አስቀድመው ለያዩዋቸው። የጣይቱ ወገን በዚያ በኩል ተመልሶ እንዳይገባ ነው፤ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

በኅዳር 1910 ዓ.ም. ጣይቱ የቀረውን ዕድሜያቸውን ጎንደር ሄደው ለመጨረስ ንግሥቲቱን ፈቃድ ጠየቁ። ተከለከሉ። አፈሬን ባገሬ ማለት ምን እንደሆነ በሰው አገር ለምንኖር ሰዎች ማስረዳት አያሻም። እሳቸው ግን ይህን የለመኑት ራሳቸው በቆረቆሯት ከተማ ተቀምጠው ነው።

ከሦስት ወር በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። ዕድሜያቸው ወደ 67 ይጠጋ ነበር፤ ልጅ አልነበራቸውም።

ዘውዲቱ ለአባታቸው መታሰቢያ ታእካ ነገሥት በዓታን አሠሩ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ወደሚገኘው ምድር ቤት ቢወርዱ እነዚህን መቃብሮች ያያሉ፤ መካከል ላይ ምኒልክ፣ በአንድ ወገን ጣይቱ፣ በሌላው ደግሞ ጎንደርን የከለከሏቸው ዘውዲቱ።