ጥይትና ትምህርት ቤት፤ ስለ ተከለከለው ልቅሶ



ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችውን ጋፋትን ታውቋታላችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ሴባስቶፖል የተሠራው በዚያ ነው፤ የአገር ልጆች ከውጭ አገር ሠራተኞች የእጅ ጥበብ የተማሩትም በዚያው ነበር። በጋፋት ተማሪው መድፍ ሠሪ ነበረ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ግን አፈ ሙዙ ወደ ተማሪው ዞረ።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በአዲስ አበባ በጥይት ተመቶ ሞተ። በማግሥቱ ጓደኞቹ በስድስት ኪሎ ግቢ አስከሬኑን ከበው ሲያለቅሱ፥ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱባቸው። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ብዙ ተማሪዎች በአንድ ሌሊት ተገደሉ። ደብረ ታቦር በነበረችበት በጎንደር ክፍለ ሀገርም፥ በመላኩ ተፈራ የአስተዳደር ዘመን ብዙ ወጣቶች በቀይ ሽብር አለቁ።

ምክንያቱ ምን ነበር ቢሉ፥ ለጥያቄ በቃል መመለስ ያቃተው ሥልጣን በጥይት መመለሱ ነው። ከወጣቱም ወገን መሣሪያ ያነሣ ነበር፤ ነገር ግን ባዶ እጁን የሞተው እጅግ ብዙ ነው።

ሕዝቡስ ሞቱን ለመደውን? አልለመደውም፤ እንዲለምደው ተደረገ እንጂ። በ1962 ዓ.ም. በአልቃሾች ላይ ተተኮሰ፤ በቀይ ሽብር ዘመን ወላጆች ልቅሶ እንዳይቀመጡ ተከለከሉ፤ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍሉ የተገደዱም ነበሩ። ያልተለቀሰለት ሞት ወሬ ብቻ ይሆናል፤ ወሬም ይለመዳል።

ስለዚህ፥ መዝገብ የምትይዙ ሁሉ፥ የሞተውን በቁጥር ብቻ አትለፉት፤ በስሙ ጻፉት።