ከመርከብ ጋራ የሰጠመ ደመወዝ

በግእዝ ኖትያዊ የሚባለው ሰው በጥንት ዘመን ሸራ የሚዘረጋ፤ ገመድ የሚስብ፤ ነፋሱንና ከዋክብቱን እያየ የሚሠራ ባሕርተኛ ነበረ። የእንፋሎት መርከብ ከተሠራ በኋላ ግን ባሕሩን ሳያይ ባሕር የሚሻገር ሌላ ኖትያዊ ተነሣ። ይኸውም በመርከብ ሆድ ውስጥ ከእሳት ፊት ቆሞ የሚሠራው ነው። ድካሙ ምን ያህል እንደ ነበረ፤ ዋጋውም እንዴት እንደ ተቈጠረ ቲታኒክ ከተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ታሪክ ይታወቃል።

ቲታኒክ ከሳውዝሃምፕተን ወደብ ወደ ኒውዮርክ የተነሣችው ሚያዝያ 2 ቀን 1904 ዓመተ ምሕረት፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1912 ነው። በውስጧ 29 ታላላቅ የውሃ ማፍያ ጋኖችና 159 የእሳት ምድጃዎች ነበሩባት። በየቀኑ 600 ቶን ያህል ከሰል ትበላ ነበረ፤ ይህንም ሁሉ የሚያጐርሳት የሰው ክንድ ነው። ከሰል አቅራቢው ከጐተራው በጋሪ ያመጣል፤ እሳት አንዳጁ በአካፋ ከምድጃው ይጨምራል፤ ዘይት ቀቢው የመኪናውን መገጣጠሚያ ያለሰልሳል፤ መሐንዲሱም ሁሉን ይቈጣጠራል። አራት ሰዓት ሠርተው ስምንት ሰዓት ያርፋሉ። የእሳት አንዳጁ የወር ደመወዝ 6 ፓውንድ ነበረ። በዚያ ወራት የእንግሊዝ ከሰል ቆፋሪዎች ሥራ ስላቆሙ ብዙ መርከቦች ከወደብ ቆመው ነበርና፤ ሥራ ያጣው የሳውዝሃምፕተን ሰው ይህን እንጀራ እንደ ታላቅ ዕድል ቈጠረው።

ሚያዝያ 6 ቀን እሑድ፤ ዕለቱም ዳግም ትንሣኤ ነበረ፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሲሆን መርከቢቱ ከበረዶ ተራራ ጋራ ተጋጨች። ውሃው አስቀድሞ የደረሰው ከታች ባሉት ሠራተኞች ላይ ነው። እነርሱም ጋኖቹ እንዳይፈነዱ እሳቱን ከየምድጃው አወጡ። የመሐንዲሶቹ አለቃ ጆሴፍ ቤልና ባልንጀሮቹ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዳይቋረጥ በሥራቸው ጸኑ። መብራቱም መርከቢቱ ልትሰጥም ጥቂት ደቂቃ እስኪቀራት ድረስ በራ። በዚያ ብርሃን ጀልባዎች ወረዱ፤ በዚያም ኃይል የጭንቅ ጥሪ ያለ ሽቦ ተላለፈ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ላይ መርከቢቱ ሰጠመች። 700 ያህል ሰዎች ዳኑ፤ 1,500 ያህል ሞቱ። ከ35ቱ መሐንዲሶችና የእጅ ባለሙያዎች ግን አንድ ስንኳ አልተረፈም።

አሁን አንባቢ ደመወዛቸውን ያስብ። ቀድሞ በእንግሊዝ ሕግ ጭነቱ ካልደረሰ ለመርከበኛው ደመወዝ አልነበረውም፤ ይህ በ1854 ተሻረ። ነገር ግን በ1894 በወጣው ሕግ መርከብ ስትሰጥም የመርከበኛው ደመወዝ እስከዚያች ቀን ብቻ ይታሰብ ነበረ። ስለዚህ የሞተውም ሆነ በጀልባ የተረፈው፤ የሁሉም ሒሳብ ሚያዝያ 7 ቀን ተዘጋ። ለመበለቶቹና ለሙት ልጆች ሕዝቡ ብዙ ገንዘብ አዋጣ፤ ዳሩ ግን ምጽዋት ሌላ ነው፤ ደመወዝም ሌላ ነው።

በ1914 ለመሐንዲሶቹ፤ በ1915 ደግሞ ለመርከበኞቹ፤ ለአስተናጋጆቹና ለእሳት አንዳጆቹ በሳውዝሃምፕተን መታሰቢያ ቆመላቸው። ሕጉ ግን ከድንጋዩ ዘገየ። በ1920 በጄኖቫ በተደረገው የዓለም ሥራ ጉባኤ፤ መርከብ ብትሰጥም ባለመርከቡ ሥራ ላጣው መርከበኛ እስከ ሁለት ወር የሚደርስ ደመወዝ እንዲከፍል ተወሰነ፤ እንግሊዝም በ1925 ይህን በሕግ አጸናች። ይኸው ፍርድ በ2006 በተጻፈው የመርከበኞች ሥራ ስምምነት ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ይኖራል።

እነዚያ ሰዎች በውሃ መካከል መብራት ሲጠብቁ የደመወዛቸው ቀን እያለቀ ነበረ። ለሙታን ሐውልት ለማቆም ሁለት ዓመት በቃ፤ ለሕያዋን የላባቸውን ዋጋ ለመፍረድ ግን ዐሥራ ሦስት ዓመት ፈጀ።