ከጀምጀም ደን የተያዘችው የሌሊት ወፍ

እ.ኤ.አ. በ1926 ሂዩ ስኮት የሚባል እንግሊዛዊ የነፍሳት ተመራማሪ ከባልደረባው ከጆሴፍ ኦመር ኩፐር ጋር ኢትዮጵያ ሲገባ ልቡ ያለው ጥንዚዛ ላይ ነበር። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ በአልጋ ወራሽነት የነበሩበት ጊዜ ነው። ስኮት ቀደም ሲል በሲሸልስ ደሴቶች ነፍሳት ሰብስቧል፤ በኋላም ስለ የመን ደጋ መጽሐፍ ጽፏል። ከኢትዮጵያ በሄደው ስብስብ ውስጥ ግን ያልመጣበት ነገርም ነበር፤ ከደጋ ደን የተያዘች ትንሽ የሌሊት ወፍ።

ናሙናዋ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ስትደርስ ኦልድፊልድ ቶማስ እጅ ገባች። ቶማስ በዕድሜው 2,000 ያህል ለሚሆኑ የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎችና ንዑስ ዝርያዎች ስም ያወጣ ሰው ነው፤ ብዙዎቹን የሚያውቃቸው በቆዳቸውና በራስ ቅላቸው ብቻ ነበር። ይህችን በ1927 «ማዮቲስ ስኮቲ» አላት። ማዮቲስ በግሪክኛ የአይጥ ጆሮ ማለት ነው፤ ስኮቲ ደግሞ የስኮት። በእንስሳት አሰያየም ደንብ መሠረት ቀድሞ በአግባቡ የታተመ ስም ይጸናል፤ ከአንድ ናሙና ጋርም ይታሰራል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የምትኖረው ፍጥረት የልደት ወረቀቷ ያለው ለንደን ነው።

እዚህ ላይ መቆጨት ቀላል ነው። ግን ፈረንጁ «ስኮቲ» ሲል የትኛውን የአገር ስም አፈናቀለ? አማርኛ በዋሻም፣ በጣራ ሥርም፣ በደንም ያለችውን አንድ አድርጎ የሌሊት ወፍ ይላታል። ኦሮምኛውም «ሲምቢራ ሃልከኒ» ሲል ትርጉሙ ያው ነው። ኦሪት ዘሌዋውያንም የሚቆጥራት ከወፎች ጋር ነው። ጤፍን በቀለሙ፣ ፈረስን በመልኩ፣ ከብትን በቀንዱ ለይቶ የሚጠራ ሕዝብ የሌሊት ወፍን ከሌሊት ወፍ መለየት አላስፈለገውም። የተነጠቀ ስም የለም፤ ያልወጣ ስም ነው ያለው። ይህ ደግሞ ከመነጠቅ ይልቅ ለመናገር ያስቸግራል።

የስሟ መዝገብ ከስኮት ሌላ አንድ ነገር ይዟል፤ የተያዘችበትን ቦታ። ጀምጀም ደን፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ማይል ያህል፣ ከፍታው 8,000 ጫማ፣ ማለትም 2,440 ሜትር ገደማ። (በሲዳሞ የነበረው የጀምጀም አውራጃ ሌላ ነው።)

ያ አቅጣጫ የራሱ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ ብዙም ሳትቆይ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጠራት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 አካባቢ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ፤ መናገሻው ወደዚያ ሊዛወር ነበር። ስሙ ራሱ ሐሳባቸውን ይናገራል። ነቅሎ የመሄዱን ነገር ያስቀረው በዋናነት ባሕር ዛፍ ነው፤ በጥቂት ዓመት ደርሶ ከተማዋን አቆማት። አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይህ ታሪክ ሲተረክ ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ከሰው ወገን ከቆሙ። በፍጥነት የሚያድግና በፍጥነት የሚቆረጥ ቀጥ ያለ ግንድ ግን የድሮ ጽድና የዝግባ ደን አይሆንም። ስኮት ጀምጀም የደረሰው አዲስ ዓለም መናገሻ መሆኗ ከቀረ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ናሙናዋ ካልጠፋች፣ ደኑ በዚያ ከፍታ ላይ እንዲህ ያለች ፍጥረት ይዞ እንደነበር የምትመሰክረው እሷ ናት። ለዚህስ ስብስቡን ማመስገን ይገባል።

ከዚያ ወዲህ የአሰያየም ልማድም ተለውጧል። በባሌ ተራሮች፣ በሐረና ደን፣ ጆሮዋ ከአካሏ ጋር የሚፎካከር ሌላ የሌሊት ወፍ አለች። የዚህ ወገን የሌሊት ወፎች ሲተኙ ያንን ጆሮ አጥፈው ክንፋቸው ሥር ይከቱታል፤ ሲያድኑም ድምፃቸው እንደ ሹክሹክታ ዝቅ ያለ ነው። የኢትዮጵያዎቹ ለረጅም ጊዜ በአውሮፓ ዘመዳቸው ስም፣ «ፕሌኮተስ አውስትሪያከስ» ተብለው ሲመዘገቡ ኖሩ። የባሌ ደን ነዋሪ «ኦስትሪያዊት» ማለት ነው! በ2000 ሰርጌይ ክሩስኮፕና ሊዮኒድ ላቭሬንቼንኮ የተባሉ ሩስያውያን የእንስሳት ተመራማሪዎች ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗን አሳይተው «ፕሌኮተስ ባሌንሲስ» አሏት፤ የባሌዋ።

በሁለቱ ስሞች መካከል 73 ዓመት አለ። የባሌዋ አገሯን በስሟ ትሸከማለች። የስኮት የተባለችው አገር ግን ያለው በመዝገቡ ላይ ነው፤ እሱም በፈረንጅ አጻጻፍ፣ ከ«ጄ» በፊት «ዲ» ተጨምሮበት፣ የአካባቢው ሰው ራሱ ካርታ ላይ ቢፈልገው ቶሎ በማያገኘው ፊደል።