አየር የተሸጠበት ዘመን

ከሰል በማዳበሪያ የገዛ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ማዳበሪያው ጢም ብሏል፤ ቤት ወስደው ሲገለብጡት ግን «ይሄ ብቻ ነው እንዴ?» ያሰኛል። በኪሎ አልገዛንማ! በከሰሎቹ መካከል ላለው አየርም ከፍለናል። እንግሊዞች በዚሁ ጉዳይ ከ400 ዓመት በላይ ተነታርከዋል ብላችሁስ? የእነሱ ግን የድንጋይ ከሰል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኒውካስል አካባቢ የሚወጣው ከሰል በታይን ወንዝ ላይ በዝርግ ጀልባ ወደ መርከብ፣ ከዚያም በባሕር ወደ ለንደን ይጓዝ ነበር። ንጉሡ በየቻልድሮኑ 2 ፔንስ ቀረጥ ነበረው። ቻልድሮን መስፈሪያ ነው፤ አንዱ ጀልባ 20 ይይዛል ተብሎ ይታሰባል። ነጋዴው ምን አደረገ? ጀልባውን አሰፋዋ! በ1421 የወጣው ሕግ ጀልባዎቹ 22 እና 23 እንደሚጭኑ ጠቅሶ፣ እየተለኩ ምልክት እንዲደረግባቸው አዘዘ። መስፈሪያው ራሱም እየወፈረ ሄደ። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የኒውካስሉ ቻልድሮን 2,700 ኪሎ ገደማ ሲመዝን የለንደኑ ግማሹን ያህል ብቻ ነበር።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚከነክነኝ የጀልበኞቹ ነገር ነው። ጀልባው 8 የኒውካስል ቻልድሮን እንዲጭን ተወስኖ ሳለ አሠሪዎች ትርፍ ይጭኑበታል፤ ለትርፉ ጉልበት የሚከፍል የለም። በ1750 ሥራ ሲያቆሙ ዋናው ቅሬታቸው ይኸው ነበር። እነዚህ በ1701 ከደመወዛቸው አዋጥተው ለታመሙና ላረጁ ባልደረቦቻቸው መጠለያ ያሠሩ ሰዎች ናቸው። ሕንፃው ዛሬም ኒውካስል ውስጥ ቆሟል።

ለንደን ላይ ደግሞ ብልጠቱ ይገለበጣል። እዚያ ከሰሉ እንደ ቁና እህል እየተቆለለ በቡሽል ይሰፈራል፤ 36 ቡሽል አንድ ቻልድሮን ነው። ነጋዴው ትልልቁን ገዝቶ ይሰባብረዋል። ለምን እንደሆነ ያሰላልን ቻርለስ ሃተን ነው፤ ኒውካስል ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ጉድጓድ ገብቶ ከሰል ቆፍሮ፣ ኋላ ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ የሆነ ሰው። አንድ ኪዩቢክ ያርድ ወጥ ከሰል 5 ቦል (የአገሩ መስፈሪያ) ያህላል። መጠነኛ አድርገው ሲሰብሩት 7.5 ይሞላል፤ ሲያደቁት 9። ክብደቱ ግን ያው ነው! ከ9ኙ 4ቱ አየር ነው ማለት ነው። ዛሬ መሐንዲሶች አንድ ዕቃ የያዘውን ከሰል ክብደት ለዕቃው ይዘት አካፍለው የክምሩን እፍጋት የሚያገኙት ለዚሁ ነው። ሃተንም «በሚዛን ይሁን» ባይ ነበር።

ሌላም ጉድ አለ። የለንደን ነጋዴ የሚፈልገው ትልልቁን ስለሆነ (ገና ይሰበራላ!) ኒውካስል ላይ ደቃቁ እየተበጠረ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቃጠል ነበር። ለንደን ላይ ከሰል የሚወደድበት ድሃ ስንት ነው!

ታዲያ ለምን ያን ያህል ቆየ? በእኔ ግምት ብዙ ሰው ይበላበት ስለነበር ነው። ቀረጡ በቻልድሮን ነበር፤ ከ1666ቱ ቃጠሎ በኋላ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ሳይቀር የተሠራው በከሰል ቀረጥ ነው። የከተማው ሰፋሪዎችም የስፈራ ክፍያ ነበራቸው። በ1831 በወጣ ሕግ ለንደን ወደ ሚዛን ዞረች፤ ሌላው አገር በ1835 ተከተለ።

ቆፋሪዎቹ ግን ገና ነበሩ። የሚከፈላቸው ባወጡት ጋሪ ልክ ነው፤ ጋሪው ስንት እንደያዘ የሚናገረው ደግሞ የባለቤቱ ሰው ነው። በ1860 የራሳቸውን ተቆጣጣሪ መርጠው፣ ራሳቸው እየከፈሉ፣ ሚዛኑ አጠገብ እንዲያቆሙ ሕግ ፈቀደላቸው። የሚመርጡት ግን እዚያው ማዕድን ከሚሠሩት መካከል ስለነበር፣ አንዳንድ ባለቤቶች የተመረጠውን ሰው ከሥራ ያባርሩት ጀመር። ከውጭ ሰው መምረጥ የተፈቀደው በ1887 ነው።