ወደ ኒውዚላንድ በክሩዝ መርከብ ለሚጓዙ መንገደኞች የሚያስፈልግ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ

ወደ ኒውዚላንድ በሽርሽር መርከብ (ክሩዝ) የሚጓዝ መንገደኛ ቪዛ ከሌለው መርከቡ ላይ ከመሳፈሩ በፊት የኒውዚላንድ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። አሠራሩ ከመስከረም 20 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2019) ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። የኒውዚላንድ ወይም የአውስትራሊያ ፓስፖርት ይዘው የሚጓዙ ዜጎች ፈቃዱ አያስፈልጋቸውም።

ይህ ገጽ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ ዜጎችና በውጭ አገር የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የመርከብ ትኬት ከመግዛታቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል።

የፈቃዱ ምንነት

የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃዱ ቪዛ አይደለም። መንገደኛው ወደ ኒውዚላንድ የሚሄድ መርከብ ወይም አውሮፕላን ላይ እንዲሳፈር የሚያስችል ቅድመ ማጣሪያ ነው። ወደ አገሪቱ የመግባት የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው በድንበር ቁጥጥር ነው። የመርከብ ድርጅቶች ፈቃዱን ከመሳፈሪያ በፊት የማረጋገጥ ግዴታ ስላለባቸው፣ ፈቃድ ያላገኘ መንገደኛ ወደብ ላይ ሊቀር ይችላል።

ፈቃዱ ለ2 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ለመጓዝ ያስችላል። የተመዘገበውም በፓስፖርቱ ቁጥር ነው። በመሆኑም ፓስፖርቱን የቀየረ ሰው በአዲሱ ፓስፖርት እንደገና ማመልከት አለበት። ሕፃናትን ጨምሮ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዙ፦ ወሳኙ የመግቢያና የመውጫ መንገድ ነው

ኢትዮጵያ ኒውዚላንድ ያለ ቪዛ ከምታስገባቸው አገሮች መካከል አይደለችም። ይሁን እንጂ በክሩዝ መርከብ ገብተው በክሩዝ መርከብ ለሚወጡ መንገደኞች የዜግነት ገደብ ስለሌለ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በዚህ ሁኔታ ያለ ቪዛ በኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ብቻ መጓዝ ይችላል። ከጉዞው አንዱ ክፍል በአውሮፕላን ከሆነ ግን ይህ ዕድል ይቀራል።

* ከሲድኒ ወይም ከሜልበርን በመርከብ ተነሥቶ የኒውዚላንድን ወደቦች ጎብኝቶ በመርከብ የሚመለስ፦ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ይበቃዋል።
* በአውሮፕላን ኦክላንድ ደርሶ ከዚያ መርከብ የሚሳፈር፦ አስቀድሞ የጎብኚ ቪዛ ማግኘት አለበት።
* በመርከብ ገብቶ ጉዞውን ኦክላንድ ላይ አቋርጦ በአውሮፕላን የሚወጣ፦ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ኢትዮጵያውያን በተለይ ሊያስተውሉ ይገባል። የሚታየው የፓስፖርቱ ዜግነት እንጂ የመኖሪያው አገር አይደለም። ለምሳሌ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከዱባይ ወደ ኦክላንድ በረው መርከብ ለመሳፈር ያቀዱ ሰዎች ቪዛ ማውጣት ይጠበቅባቸዋል።

የሌላ አገር ዜግነት ወይም የአውስትራሊያ ቋሚ ነዋሪነት ላላቸው

የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእስራኤል፣ የጀርመን፣ የስዊድን ወይም የኖርዌይ ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በመርከብም ሆነ በአውሮፕላን በኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ መጓዝና እስከ 3 ወር መቆየት ይችላሉ። የብሪታኒያ ዜጎች እስከ 6 ወር መቆየት ይፈቀድላቸዋል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ የአውስትራሊያ ቋሚ ነዋሪዎችም የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው። ሆኖም ከዚህ በታች ከተገለጸው የጎብኚዎች መዋጮ ነፃ ናቸው።

ወደ አውስትራሊያ ስለመመለስ

ከአውስትራሊያ ወደብ ተነሥቶ ኒውዚላንድን የሚጎበኝ መርከብ የሚጓዝ ሰው ከአውስትራሊያ እንደወጣ ይቆጠራል። የኒውዚላንድ ፈቃድ ደግሞ ወደ አውስትራሊያ የመመለስ መብት አይሰጥም። ስለዚህ፦

* በጎብኚ ቪዛ አውስትራሊያ ያለ ሰው ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።
* ብሪጂንግ ቪዛ ኤ የያዘ ሰው ከአውስትራሊያ ሲወጣ ቪዛው ያበቃል። ከመጓዙ በፊት ለብሪጂንግ ቪዛ ቢ አመልክቶ ማግኘት ይኖርበታል።
* ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው የመውጫና የመግቢያ መብቱ ጊዜ ያላለፈበት መሆኑን ማየት፣ ካለፈበትም የነዋሪ መመለሻ ቪዛ ማውጣት አለበት።

ማመልከቻና ክፍያ

ማመልከቻው የሚቀርበው በኒውዚላንድ ኢሚግሬሽን ኦፊሴላዊ ድረ ገጽ ወይም የሞባይል መተግበሪያ ነው። ፓስፖርት፣ ፎቶግራፍ፣ የኢሜይል አድራሻና የባንክ ካርድ ያስፈልጋል። ውሳኔው እስከ 72 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ማመልከቻውን ለመጨረሻዎቹ ቀናት ማቆየት አይመከርም።

* በሞባይል መተግበሪያ፦ 17 የኒውዚላንድ ዶላር
* በድረ ገጽ፦ 23 የኒውዚላንድ ዶላር
* የዓለም አቀፍ ጎብኚዎች የጥበቃና የቱሪዝም መዋጮ፦ 100 የኒውዚላንድ ዶላር፤ ቀድሞ 35 ዶላር የነበረው ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2024) ጀምሮ ከፍ ብሏል

ክፍያዎች ሊሻሻሉ ስለሚችሉ ከማመልከት በፊት በኦፊሴላዊው ድረ ገጽ ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ተመሳሳይ መልክ ያላቸው የግል ድረ ገጾች ለዚሁ አገልግሎት ተጨማሪ ገንዘብ ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

ፓስፖርቱ ከኒውዚላንድ ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ስም የሚሞላው ፓስፖርቱ ላይ በሰፈረበት የፊደል አጻጻፍና ቅደም ተከተል ነው። የትውልድ ቀንም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሞላት አለበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ቀን ከፓስፖርቱ ጋር ስለማይጣጣም ጉዞውን ሊያስተጓጉል ይችላል።

በፈቃዱ መጓዝ የማይችሉ

በማናቸውም ጊዜ የ5 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበት፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የ12 ወር ወይም ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበት ወይም ከየትኛውም አገር ተገዶ የተባረረ ሰው በኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ መጓዝ አይችልም። እንዲህ ያለ ሁኔታ ያጋጠመው ሰው ትኬት ከመግዛቱ በፊት የኒውዚላንድ ኢሚግሬሽንን ማነጋገር ይኖርበታል።

የተጓዥ መግለጫና የምግብ ቁጥጥር

ከጉዞ ፈቃዱ በተጨማሪ እያንዳንዱ መንገደኛ የኒውዚላንድ የተጓዥ መግለጫ ይሞላል። መግለጫው ክፍያ የለውም፤ የጉዞ ፈቃዱንም አይተካም። ኒውዚላንድ እርሻዋንና የተፈጥሮ ሀብቷን ከተባይና ከበሽታ ለመጠበቅ ጥብቅ ቁጥጥር ስለምታደርግ፣ እንደ ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬና ሽሮ ያሉትን ጨምሮ ማንኛውም ምግብ መገለጽ አለበት። መገለጽ የሚገባውን ዕቃ ሳይገልጽ የተገኘ ሰው ወዲያውኑ 400 የኒውዚላንድ ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

ትኬት ከመግዛት በፊት ማረጋገጫ

1. ወደ ኒውዚላንድ የሚገባውም የሚወጣውም በመርከብ ነው? ካልሆነ ቪዛ ያስፈልጋል?
2. የፓስፖርቱ ጊዜ ይበቃል?
3. መርከቡ ወደሚነሣበትና ወደሚመለስበት አገር ለመግባት የሚያስችል ቪዛ አለ?
4. መርከቡ በሌሎች አገሮች ወደቦች የሚቆም ከሆነ የየአገሮቹ የመግቢያ መስፈርት ተሟልቷል?
5. ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በየስሙ ማመልከቻ ቀርቧል?