የፓስተሩ መንጃ ፈቃድና የፖሊሷ ሽጉጥ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልወርውር። መንግሥት በወረቀት የሰጣችሁን ነገር መልሶ ሲነጥቃችሁ፣ ከመንጠቁ በፊት ሊሰማችሁ ይገባል? ወይስ ነጥቆ ሲያበቃ «ቅሬታ ካላችሁ ፍርድ ቤት ሂዱ» ቢል ይበቃል? አሜሪካኖች በዚህች ጥያቄ ብዙ ተነታርከዋል፤ ያውም ሽጉጥ መሐል ገብቶባት።

ከኒውዮርክ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው የሱሊቫን ሕግ (ስሙን ያገኘው ሕጉን ካቀረቡት ፖለቲከኛ ከቲሞቲ ሱሊቫን ነው) በልብስ ሥር የሚደበቅ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ግድ አደረገ። በከተማዋ ፈቃድ ሰጪው ፖሊስ፣ ከልካዩም ፖሊስ። እንዲህ ያለ ሥልጣን ምን ሊሠራ እንደሚችል በደቡብ በኩል፣ አላባማ ላይ ታየ። በ1956 መጀመሪያ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት ባለቤታቸውና ሕፃን ልጃቸው ውስጥ እያሉ በቦምብ ተመታ። ኪንግ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ጠየቁ። ተከለከሉ። ከእሳቸው የባሰ ምክንያት ያለው ሰው ከየት ሊመጣ ነበር?

እሱ እንግዲህ መከልከል ነው። የተሰጠን መንጠቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የዚህኛው ታሪክ ደግሞ የሚገርመው ከመኪና መምጣቱ ነው። በ1968 ጆርጂያ ውስጥ አንዲት የ5 ዓመት ልጅ ብስክሌቷን እየነዳች ከአንድ ፓስተር መኪና ጎን ጋር ተጋጨች። ወላጆቿ 5,000 ዶላር ካሳ ጠየቁ። ፓስተሩ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ 30 ቀን ሰጣቸው፦ ወይ ዋስትና ማስያዝ፣ ወይ መንጃ ፈቃድ መነጠቅ። «ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ላስረዳ» ቢሉ ሰሚ አጡ፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በዚያ ደረጃ አይጠየቅም ነበር! ሰውየው ደግሞ ሦስት የገጠር ምእመናን ዘንድ የሚደርሱት በመኪና ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1971 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ፈረዱ፦ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ የሰው እንጀራ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሳይሰሙ መንጠቅ አይቻልም። በዋርካ ሥር «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ የኖሩ አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ አይደነቁም ነበር። ለእነሱ ተከሳሽ ቆሞ ሳይሟገት ፍርድ የለም።

ታዲያ ሽጉጡስ? በ1976 ያው ፍርድ ቤት አንድ ሚዛን አወጣ፦ ሰውየው የሚያጣው ነገር፣ የመሳሳቱ አደጋ፣ የመንግሥት ጉዳይ። ሽጉጥ ላይ ሲደርስ ሦስተኛው ይከብዳል። እውነትም ነው፤ ሚስቱን እገድላለሁ ያለን ሰው ለሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቶ ሽጉጡን መተው እብደት ነው።

የቦስተኗ ጉዳይ ግን እንዲህ አልነበረም። 10 ዓመት ፖሊስ ሆና የሠራች ሴት በ2008 ፈቃዷን ስታሳድስ፣ ቅጹ ላይ «ያልተዘጋ ክስ ወይም አቤቱታ አለብሽ?» ለሚለው «የለም» ብላ ሞላች። በመሥሪያ ቤቷ ውስጥ ግን ያልተዘጋ ክስ ነበረባት። ማንንም አላስፈራራችም። ፈቃዷ አስቀድሞ ሳትሰማ ተሰረዘ። በ2012 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «ይበቃል» አለ፦ በማሳቹሴትስ ሕግ በ90 ቀን ውስጥ ለወረዳ ፍርድ ቤት ማመልከት ትችል ነበር፤ እሷ ግን በዚያ በር አልገባችም። በዚህ በኩል ፍርድ ቤቱ እውነት አለው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ በቅጽ ላይ ለተሳሳተ መልስ እንደ ግድያ ዛቻ መጣደፍ ለምን አስፈለገ?

በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኒውዮርክን «ልዩ ምክንያት አምጣ» ከማለት ከለከለ፤ ያኛው የመቶ ዓመት ሥልጣን ያኔ ተሰበረ። በ2024 ደግሞ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ፣ ለሌላው ሰው አደገኛ መሆኑ በፍርድ ቤት የተረጋገጠበትን ሰው ለጊዜው ትጥቅ ማስፈታት ይቻላል አለ። ልብ በሉ፣ በዚያኛው ሕግ እገዳ ከመታዘዙ በፊት ሰውየው ተጠርቶ የመናገር ዕድል ማግኘት አለበት። የቦስተኗ ፖሊስ ያጣችውም ይህንኑ ነበር።