ከጠገራ ብር እስከ ወገል ጤና፤ ስለ ጌጣችንና ስለ አንጥረኞቻችን

በሳሪስ ሰፈራችን ሠርግ ሲሆን ጌጥ ከሣጥን ይወጣል፤ ለቅሶ ሲሆን ይወልቃል። ታዲያ ይህን ጌጥ ማን እንደሠራው ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? ዘንድሮ ስለዚሁ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

የድሮው ጌጥ አብዛኛው ብር ነበር፤ ብሩም የሚገኘው ከጠገራ ነው። ጠገራ የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1780 ብትሞትም፣ ያው ዓመት እየተጻፈበት ሲቀረጽ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ደንበኛው ጠገራውን ይዞ ይሄዳል፤ አንጥረኛው በወናፍ እሳት አቅልጦ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ፣ እንደ ክር አቅጥኖ መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦ፣ አምባር፣ ኩክ ማውጫ ሳይቀር ይሠራለታል። የእጁንም ዋጋ ይቀበላል። ችግር ሲመጣ ጌጡ ይሸጣል፤ ማለት የዚያን ጊዜ ባንክ እሱ ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራ ከገበያ እየወጣ ሄደ፤ ብዙውም ጌጥ ሆኖ ቀረ።

ባለሙያው ግን ክብር አላገኘም። መስቀሉን አንገታችን ላይ አስረን፣ የሠራውን ሰው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልን ኖርን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጅ ግን ልብን በአንድ ቀን አይለውጥም። እኛም በልጅነታችን ስድቡን ሰምተናል፣ ተሳድበናልም። ይህን ማመን ይገባናል።

በኋላ ዘመን ወርቅ በረከተ፤ ፒያሳም በወርቅ ቤቶቿ ታወቀች። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የከበረ ድንጋይ መጣልን። ኦፓል የሚባለው ባለ ብዙ ቀለም ድንጋይ በ1980ዎቹ በሰሜን ሸዋ መዘዞ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ ደላንታ፣ በወገል ጤና ተገኘ። የወሎው ውሃ ይመጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ስለዚህ ቀለበቱ ያላችሁ ዕቃ ስታጥቡ አውልቁት።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የእናታችን ተዝካር ካለፈ በኋላ እኛ ልጆቿ የብር ድሪዋን ለመካፈል አልተስማማንም። ስለዚህ ወስደን በሚዛን ሸጥነው፤ እሱም ቀለጠ። ሚዛኑ የብሩን ክብደት ነገረን፤ የአንጥረኛውን እጅና የእናታችንን አንገት ግን ከየት ይወቅ? ገንዘቡ በወሩ አለቀ። ጸጸቱ እስከ ዛሬ አለ።

ስለዚህ አባላት ሆይ፤ ከሟች የቀረ የብር ጌጥ ካለ በችኮላ አትሽጡት። ግድ ከሆነም ፎቶግራፍ አንሡት፣ የማን እንደነበረም ጻፉበት። ልጆቻችንም ማንንም በሙያው እንዳይሰድቡ እንምከራቸው። በዕድራችን መዝገብ አንጥረኛም ጸሐፊም እኩል ከፍሎ፣ እኩል ይሸኛል።

ቸር ያሰማን።